ፒኮሎ ከየትኛው እንጨት ይሁን? ውርጭ ላለበት አገር የተጻፈ ማብራሪያ

ኅዳር ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። እኔም ለተማሪዎቼ አንድ ዜማ ለማሳየት ቸኩዬ ፒኮሎዬን ከሳጥኑ እንዳወጣሁ መንፋት ጀመርኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ነፋሁ። ስጨርስ ውስጡን በጨርቅ ወለወልኩና ውጪውን ሳብስ፣ ከመንፊያው ቀዳዳ ጠርዝ ተነስታ ወደ ታች የወረደች ፀጉር የመሰለች መስመር አየሁ። እድፍ መስላኝ በአውራ ጣቴ ጠረግኋት፤ አልለቀቀችም። በጥፍሬ ሳቋርጣት ጥፍሬን ያዝ አደረገችው። እንጨቱ ተሰንጥቋል።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ፒኮሎ እንጨት የማውቀው ሻጮች የሚሉትን ብቻ ነበር፤ ይኼኛው ሞቅ ያለ ድምፅ አለው፣ ያኛው ጥርት ያለ ነው፣ ወዘተ። ከስንጥቁ በኋላ ግን ነገሩን ከሥሩ መማር ግድ ሆነብኝ። ሰሞኑን አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ደውላ፣ «አዲስ ፒኮሎ ልገዛልህ ነው፤ ሱቁ ግን አምስት ዓይነት እንጨት ስም ጠራብኝ፤ የቱን ልበላቸው?» አለችኝ። በስልክ ያስረዳኋትን ዘርዘር አድርጌ እዚህ የጻፍኩት፣ በደጋው ሰሜን ሸዋ የእንጨት መሣሪያ ለሚይዝ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

በቅድሚያ መሣሪያውን ለማያውቁ ላስተዋውቅ። ፒኮሎ ከፍሉት ቤተሰብ ትንሹ ነው። ርዝመቱ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የውስጡ ክፍተት ሰፊ በሆነበት በኩል እንኳ 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ድምፁ ከፍሉት በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት፣ ይቀጥናል። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1808 ለሕዝብ ያሰማው አምስተኛው ሲምፎኒ የመጨረሻ ክፍል ላይ ፒኮሎ ያስገባው፣ ይህች ቀጭን ድምፅ መላውን ኦርኬስትራ ሰንጥቃ ስለምትሰማ ነው። ጀርመናዊው ቴዎባልድ ቦም እ.ኤ.አ. በ1847 ፍሉትን ወጥ ስፋት ያለው ቱቦ አድርጎ ካሻሻለው ወዲህ ፍሉት እየዋለ እያደረ ወደ ብረት አዘነበለ። ፒኮሎ ግን ግንዱ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄደውን የድሮ ቅርጽ በብዛት እንደያዘ፣ ከእንጨትም ሳይለይ ኖሯል።

እኛ አገር እንጨትና ትንፋሽ የተዋወቁት በዋሽንት ነው። መንዝ የነበረው አጎቴ ዋሽንት ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሸምበቆውን ዝናቡ ካባራ በኋላ ይቆርጠዋል፤ ከምድጃው በላይ ጭሱ የሚደርስበት ቦታ አንጠልጥሎ ለወራት ይተወዋል። ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ቀጭን ብረት በእሳት አግሎ አራቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይበሳል። ብረቱ ሲገባ ጢስ ይላል፣ የተቃጠለ ሸምበቆ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። አጎቴ ሸምበቆ ሲመርጥ አንኳኩቶ ድምፁን ሲያዳምጥ አላየሁም። የሚያየው ቀጥ ማለቱን፣ አንጓዎቹ መራራቃቸውን፣ የግድግዳውን ውፍረት ነበር። አሁን ሳስበው ፒኮሎ ሠሪዎች ብዙ ገንዘብና ጊዜ ፈጅተው የደረሱበትን እሱ በዓይኑ ያውቀው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምርጫው ሁሉ መሠረት ይህ ነውና። መሰንቆን አስቡት። ደጋኑ ጭራውን ሲፈትገው ጭራው ይንቀጠቀጣል፤ ጭራው ቆዳውን ያንቀጠቅጣል፤ ቆዳው አየሩን ይገፋል። ለዚህ ነው የመሰንቆ ቆዳ ሲረጥብ ድምፁ የሚታፈነው፤ ድምፁን ወደ ጆሯችን የሚልከው ቆዳው ነው። በዋሽንትና በፒኮሎ የሚንቀጠቀጠው ግን አየሩ ራሱ ነው። ከከንፈር የወጣው ትንፋሽ የቀዳዳውን ጠርዝ ሲመታ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጪ ይወዛወዛል፤ በቱቦው ውስጥ ያለውም አየር አብሮት ይናወጣል። እንጨቱ የዚያ አየር አጥር ነው። አጥሩ ከምን እንደተሠራ ሳይሆን የት እንደቆመ ነው አየሩን የሚገዛው።

ይህን በሙከራ ያሳየው አሜሪካዊው የፊዚክስ ባለሙያ ጆን ኮልትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት የውስጥ ቅርጻቸው አንድ የሆኑ ፍሉቶችን ከብር፣ ከመዳብና ከእንጨት አዘጋጅቶ ሳይታዩ አስነፋቸው። አድማጮች የቱ ከምን እንደተሠራ በጆሯቸው መለየት አልቻሉም። ይህን ለሙዚቀኛ ጓደኞቼ ስናገር የሚቆጡ አሉ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ተቆጥቼ ነበር። የእንጨቱን ፒኮሎ ስነፋ ከፕላስቲኩ የተለየ ነገር እሰማ ነበርና።

የሰማሁት ልዩነት እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ተሳስቼ ነበር። ሁለቱ ፒኮሎዎች የተለያዩት በመጀመሪያ በጠርዛቸው ነው። ትንፋሹ የሚመታው የቀዳዳው ጠርዝ የፀጉር ያህል ቢዶለዱም፣ ወይም ማዕዘኑ ትንሽ ቢቀየር ድምፁ ይለወጣል። ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ሲቀረጽ ስለቱን ይቀበላል፤ ከዚያም ለዓመታት ይይዛል። ለስላሳ እንጨት ጠርዙ ይበላል፣ በትንፋሽ እርጥበት ጅማቱ ይነሳል። ሁለተኛው የውስጥ ግድግዳው ልስላሴ ነው። አየር ግድግዳውን እየታከከ ሲንቀሳቀስ ጉልበት ያጣል፤ ቱቦው በጠበበ ቁጥር የሚያጣው ይበዛል። ዋሽንት ላይ ብዙም የማይታወቅ ሻካራነት በ11 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ላይኛዎቹን ድምፆች ያንቃቸዋል። ዋነኛው ግን ከሁለቱም ይከብዳል፦ እንጨቱ ዛሬ የተሰጠውን ቅርጽ ነገም ይዞት ይገኛል ወይ?

ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው የእንጨትን ጠባይ ከራሱ ቤት በር ያውቀዋል። ሐምሌ ላይ በሩ አብጦ አልዘጋም ይላል፤ በትከሻ መግፋት ያስፈልጋል። ታኅሣሥ ላይ ያው በር ተኮማትሮ ነፋስ ያስገባል። እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይለቃል። ሲጠጣና ሲለቅ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሄድም። በርዝመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ በግንዱ ክብ ዙሪያ የሚያብጠው ግን ከመሃል ወደ ልጡ ከሚያብጠው እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ክብ ሆኖ የተቦረቦረ ቀዳዳ እንጨቱ ሲደርቅ ወደ እንቁላል ቅርጽ ያዘነብላል። የባሕር ዛፍ ግንድ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ሲከመር ጫፉ ላይ የሚወጣውን የኮከብ መሰል ስንጥቅ ያላየ የሰሜን ሸዋ ሰው የለም። መንስኤው ይኸው ነው፤ ውጪው ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ እምቢ ይለዋል፣ በመሃል እንጨቱ ይቀደዳል።

ፒኮሎ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከሳምባ የሚወጣ ትንፋሽ ሞቃትና እርጥበት የጠገበ ነው። ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ የውስጠኛው ግድግዳ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። ውጪው ግን በበጋ ደረቅ አየር ተኮማትሮ እንደቀዘቀዘ ነው። ውስጡ ሊሰፋ ይገፋል፣ ውጪው አልላላም ይላል፤ እንጨቱ በጅማቱ ርዝመት ይተረተራል። ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የፒኮሎው ራስ ላይ፣ ማለትም የመንፊያው ቀዳዳ ባለበት የላይኛው ቁራጭ ላይ፣ የሚጀምረው ትንፋሹ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ ነው። ለእንጨት መሣሪያ ከዚህ የከፋ ማለዳ መፈለግ ያስቸግራል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ለሠርግ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከጣርማ በር ሲወረድ ግን አገሩ ይቀየራል፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ጠዋት ጋቢ ደርበን የወጣን ሰዎች ከሰዓት በኋላ በሸሚዝ ላብ አጠመቀን። ፒኮሎው ውስጥ የነበረው አየርም ሞቆ ድምፁ ወደ ላይ ወጣ። ከፍታ ይሆናል ያሉኝ ነበሩ፤ ከፍታ ግን እዚህ ላይ የለበትም። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ከ5 ዲግሪ ወደ 25 ዲግሪ ሲኬድ ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ቢሞቅ ይህ ከሴሚቶን፣ ማለትም በፒያኖ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት፣ እኩሌታ ይበልጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠዋት ፒኮሎዬ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ስነፋው ወደ ቦታው የሚመጣውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ወደ እንጨቶቹ።

ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ግሬናዲላ ነው፤ የአፍሪካ ጥቁር እንጨት ይሉታል፣ በስዋሂሊ ምፒንጎ። እኛም ለእንዲህ ያለ ጥቁርና ከባድ እንጨት ዞጲ የሚል የቆየ ስም አለን። ለመሣሪያ የሚሆነው በአብዛኛው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ይወጣል፤ ዛፉ ግን በአገራችን ቆላማ ስፍራዎችም ይበቅላል። አንድ ሊትር መያዣ የሚያህል ቁራጭ ከ1.2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ውሃ ላይ ሲጥሉት ይሰምጣል። ክብደቱ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ በተፈጥሮው ቅባት የያዘ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይጠጣም። በቶርኖ ሲቆረጥ እንደ ብረት ስል ጠርዝ ይሰጣል። ዛፉ ግን አጭርና ጠማማ ነው፤ ለመሣሪያ እስኪደርስ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ ከአንድ ግንድም ሳይጣመምና ሳይሰነጠቅ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዋጋው የሚወደደው ለዚህ ነው።

ጽጌረዳ እንጨት የሚሏቸውና ኪንግዉድ የሚባለው የግሬናዲላ ዘመዶች ናቸው፤ ሁሉም ዳልበርጂያ ከተባለው የዛፍ ወገን ናቸው፤ ከግሬናዲላ ቀለል ይላሉ፣ መልካቸው ያምራል። ለውበት የሚከፍል ይክፈል፤ እኔ በእኛ አየር አልመክራቸውም። ኮከስ የተባለው የካሪቢያን እንጨት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፍሉት ሠሪዎች የሚወዱት ነበር፤ ዛሬ የሚገኘው በአሮጌ መሣሪያ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ቦክስዉድ ከባሮክ ዘመን ጀምሮ ለፍሉት ሲያገለግል የኖረ ቢጫ እንጨት ነው፤ እርጥበት ሲነካው ይጣመማል። የደቡባዊ አፍሪካው ሞፓኔ ግን ትኩረት ይገባዋል። ከባድና ጠንካራ ነው። የግሬናዲላ ወገን እንጨቶች ከንፈርና አገጭ የሚያሳክካቸው፣ ሽፍታ የሚያወጡባቸው ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ሊሞክረው የሚገባው ሞፓኔን ነው።

ተማሪዎቼ «የኛስ እንጨት?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ጥያቄው ደስ ይለኛል። ጽድ ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶና ለጣራ የተባረከ እንጨት ነው፤ ምስጥ ይፈራዋል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ነገር ግን በቀላሉ በጅማቱ ይሰነጠቃል፣ ስል ጠርዝም አይይዝም። ዋንዛ ለሥራ የሚመች፣ የማያስቸግር እንጨት ነው፤ ለበር፣ ለወንበር፣ ለከበሮ ይሆናል፤ ለፒኮሎ ግን ይሳሳል። ባሕር ዛፍን ከላይ ያየነው ነው፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ተስፋ የምጥለው በወይራ ነው። ክብደቱ ከውሃ ጋር ይቀራረባል፣ ጅማቱ የጠበቀ ነው፣ የመጥረቢያ እጀታ ሆኖ ስንት ምት ችሎ ይኖራል። የአውሮፓ ሠሪዎችም የወይራን እንጨት ሪኮርደር ለተባለው ዋሽንት ይጠቀሙበታል፤ የእኛ ወይራ የዚያው ዛፍ ቅርብ ወገን ነው። ችግሩ ትዕግሥት መጠየቁ ነው። ወይራ ጅማቱ ይጠላለፋል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ጫፎቹ በሰም ተሸፍነው፣ ጥላ ውስጥ፣ በዝግታ ለዓመታት መድረቅ አለበት። ለእንስራ ማጠኛ ከመጣ ክምር ላይ አንድ ፍልጥ መዞ በሳምንቱ ቶርኖ ላይ የሚያወጣ ሰው ልፋቱ ከንቱ ይቀራል።

ጥሩ ፒኮሎ ሠሪ ግሬናዲላን ራሱ እንዲህ ነው የሚይዘው። ግንዱን በሻካራው ይቆርጠዋል፣ መሃሉን ከሚፈለገው አጥብቦ ይበሳዋል፣ ያስቀምጠዋል። ቆይቶ እንደገና ይቦረቡረዋል፣ እንደገና ያስቀምጠዋል። በየመሃሉ የሚጣመመው ተጣሞ፣ የሚሰነጠቀው ተሰንጥቆ ይለያል። ስለዚህ ሻጭን ከእንጨቱ ስም ይልቅ እንጨቱ ስንት ዓመት እንዳረፈ ብትጠይቁት ይሻላል። መሣሪያው እጃችሁ ከገባ ደግሞ ወደ መስኮት አዙራችሁ በውስጡ ተመልከቱ፤ ብርሃኑ ሳይቆራረጥ እንደ መስታወት መንሸራተት አለበት። ጅማቱ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ አንጓ ወይም ነጣ ያለ የዳር እንጨት ካለበት ተዉት። ያገለገለ ከሆነ በቁልፎቹ ሥርና በመንፊያው ቀዳዳ ዙሪያ በእጅ ባትሪ ፈልጉ፤ በሱፐር ግሉና በእንጨት ዱቄት የተደፈነ ስንጥቅ እንደ ጠባሳ አንጸባርቆ ይታያል። በደንብ የተደፈነ ስንጥቅ መሣሪያን አይገድልም፤ ዋጋውን ግን መቀነስ አለበት።

ፕላስቲክን የሚንቁ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልንቅም። ኤቢኤስ ከተባለው ፕላስቲክ ተሠርቶ የብረት ራስ የተገጠመለት ፒኮሎ ውርጭ አይሰነጥቀውም፣ ጥምቀት ላይ ሜዳ ወጥተው ቢነፉት፣ ዝናብ ቢነካው አይከፋውም። ኮልትማን እንዳሳየው ቅርጹ ከተስተካከለ አየሩ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ የጠርዙ አሠራር ነው፤ በርካሽ የሚሸጥ መሣሪያ ላይ ጠርዙን በእጁ የሚያስተካክል ሠራተኛ አይኖርም። ለጀማሪ ተማሪ ሁሌም ይህን እመክራለሁ።

ከውጭ አገር ለሚያስመጣ አንድ ሕግ ነክ ነገር። ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2 ቀን 2017 ጀምሮ የዳልበርጂያን ወገን በሙሉ በቁጥጥር ሥር አድርጎት ነበር፤ ግሬናዲላም አልቀረለትም። ያን ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ መሣሪያ ጭምር ወረቀት ይጠየቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 26 ቀን 2019 ጀምሮ ግን ተሠርቶ ያለቀ የሙዚቃ መሣሪያ ከዚህ ቁጥጥር ነፃ ሆኗል። የብራዚሉ ዳልበርጂያ ኒግራ ብቻ እስካሁን በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ስላለ ከዚያ የተሠራ አይግዙ። ደረሰኙ ላይ የእንጨቱ ስም ተጽፎ ቢመጣ ከክርክር ያድናል።

አዲስ እንጨት ደግሞ እንደ አራስ ነው የሚያዘው። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መጨመር፤ እንጨቱ ትንፋሹን ቀስ ብሎ እንዲለምድ። ሲጨርሱ ወዲያው መወልወል፤ የራሱንና የግንዱን መጋጠሚያ ውስጡን ጭምር። ምድጃ አጠገብ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ፣ የቆመ መኪና ውስጥ አለማስቀመጥ። እኔ አሁን ጠዋት ከመንፋቴ በፊት ፒኮሎውን ከነጨርቁ ጋቢዬ ውስጥ ብብቴ ሥር አሥር ደቂቃ እይዘዋለሁ፤ ተማሪዎቼ እንቁላል የምታቅፍ ዶሮ ይሉኛል። ውጪው ቀድሞ ከሞቀ ውስጡ ቢያብጥም የሚታገለው አያገኝም።

ለእህቴ ይህን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ፣ «እታለም፣ ግሬናዲላ በያቸው፤ ራሱም ግንዱም። እንጨቱ ስንት ዓመት እንዳረፈ ጠይቂልኝ» አልኳት። ደግሞም ለገና እንዳትልክልኝ ለመንኳት፤ ታኅሣሥ ላይ የመጣ አዲስ እንጨት ደብረ ብርሃን ሲደርስ በጣም ደረቅ አየር ይቀበለዋል። ክረምት ላይ ከመጣ አየሩ እርጥብ ነው፤ እስከ መስከረም ቀስ ብዬ ካለማመድኩት ለኅዳር ውርጭ ይደርሳል። እሷም፣ «ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የምትመጣ ጓደኛ አለችኝ፣ በእጅ ሻንጣዋ ታመጣልሃለች» ብላኛለች።